አዳም፣ አደም እና ድንቅነሽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደሴ፣ የተማሪ እናት)፦ ልጄ የባዮሎጂ ፈተና ላይ ስለ ሰው አመጣጥ የቀረበውን ጥያቄ ባዶ ትቶት ወጣ። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ብዬ ከምጽፍ ነጥቡ ይቅርብኝ» ይላል። ምን ልምከረው?

መልስ፦ እንዲያ ብሎ አለመጻፉ ደግ አደረገ፤ ሳይንሱም እንዲያ አይልምና። የሚለው፣ ሰውና ቺምፓንዚ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ አንድ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው ነው። በወሎ ደጋ ገደል ላይ ሣር ሲነጭ የምናየው ጭላዳማ ከዚያም የራቀ ነው፤ የእሱና የእኛ የዘር መስመር ከተለያየ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ሌላው የተለመደ ስሕተት «የመጀመሪያዋ ሰው ሉሲ ናት» ማለት ነው። ድንቅነሽ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ከሚባለው ዝርያ ናት፤ ቁመቷ 1.1 ሜትር ገደማ፣ የዝርያዋ አንጎል የእኛን ሲሶ ያህል። ከእሷ በፊት አርዲ የተባለችው የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል አለች። እንደ እኛ ያለው ሰው፣ ሆሞ ሳፒየንስ፣ በአገራችን ከተገኙት ቅሪቶቹ ቀደምቱ የኦሞ ኪቢሹ ሲሆን ዕድሜው ከ230 ሺህ ዓመት አያንስም።

ልጅዎ መልሱን «በሳይንሳዊ ማስረጃ መሠረት» ብሎ ይጀምር። ፈተናው የሚለካው ትምህርቱን ማወቁን እንጂ እምነቱን አይደለም። ይህችን ሐረግ የጻፈ ልጅ ሃይማኖቱን አልካደም፣ ነጥቡንም አልጣለም።

ጥያቄ (ከባቲ፣ ነጋዴ)፦ ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር ከእኛ ቁልቁል ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆናት የሚሉት በምን አውቀው ነው? አጥንት ላይ ዘመን አይጻፍ! ካርቦን በሚባል ነገር ለክተው ነው ሲሉም ሰምቻለሁ።

መልስ፦ በካርቦን አይደለም፤ ይህ ወሬ በጣም ስለተስፋፋ ቢታረም ደስ ይለናል። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ ግማሽ ግማሹ ያልቃል፤ 50 ሺህ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚለካ ነገር አይተርፍም። በሐዳር የተለካው አጥንቱ ሳይሆን አብሮት የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

አሠራሩን እንደ ጋን ያስቡት። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ አርጎን የተባለው ጋዝ ተንኖ ይወጣል፤ ጋኑ አፉ ክፍት ነው። አመዱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት ክሪስታሎች ይጠጥራሉ፤ ጋኑ ተከደነ፣ አፉም በጭቃ ተመረገ። ከዚያ ወዲያ በክሪስታሉ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ቀስ እያለ ይለወጣል። ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ ከሚለወጠውም ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ አርጎን ሆኖ እዚያው ይታፈናል፣ የቀረው ካልሲየም ይሆናል። የታፈነውን ጋዝ ከተረፈው ፖታሲየም ጋር አመዛዝኖ፣ ጋኑ የተመረገበትን ጊዜ ማስላት ነው።

ጋኑ ከተሰነጠቀ፣ ማለትም ውኃና ሙቀት ክሪስታሉን ከበሉት፣ ጋዙ ያመልጥና ዕድሜው ከእውነተኛው ያነሰ ይወጣል። ጎርፍ የቆየ ክሪስታል ቀላቅሎ ካመጣ ደግሞ ይበዛል። ለዚህ ነው ዛሬ እፍኝ አመድ አንድ ላይ የማይቀልጠው፤ ክሪስታሎቹ አንድ በአንድ በሌዘር ይቀልጣሉ፣ ባዕድ የሆነው ከሌሎቹ ተለይቶ ይታያል። በዚህ መንገድ ካዳ ሐዳር የተባለው የአመድ ንጣፍ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ወጣለት፤ የድንቅነሽም ዕድሜ የተቆረጠው ከዚህ ንጣፍ ተነሥቶ ነው።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ስትገኝ (ያኔ ሐዳር የሚቆጠረው በወሎ ሥር ነበር) ስብርባሪው ተዳፋት ላይ ተበትኖ ነው የታየው። አፈሩ በወንፊት ተነፍቶ የአካሏ 40 በመቶ ያህል ተለቀመ። እንዲህ ባለ ቦታ ከባዱ ሥራ አጥንቱ ከየትኛው ንጣፍ ታጥቦ እንደወረደ ማረጋገጥ ነው፤ ይህ ከተሳተ የአመዱ ልኬት የቱንም ያህል ቢጠራ ለአጥንቱ አይበጅም።

በሁለት እግሯ መሄዷ የታወቀው በዳሌዋና በጉልበቷ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው ጭንዎን ይመልከቱ፦ ከዳሌ ሰፋ ብሎ ይነሣና ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ አንድ እግር ሲነሣ ሰውነት በቀረው ላይ የሚቆመው በዚህ ነው። የቺምፓንዚ ጭን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የድንቅነሽ እንደ እኛ ያዘነበለ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ከጎረቤቶቻችን ጋር ቡና ላይ የተነሣ ክርክር ከአቦል እስከ በረካ አላባራም። እኛ አዳም የምንለውና እነሱ አደም የሚሉት አንድ ነው? የምንለያየውስ የት ላይ ነው?

መልስ፦ አንድ ነው፤ የተፈጠረበት ቀን እንኳ አንድ ነው። በኦርቶዶክስ ትምህርት አዳም የተፈጠረው ዓርብ ነው፤ በሶሒሕ ሙስሊም ሐዲስም አደም የተፈጠረው ጁምዓ ነው። ከአፈር መሆኑንም ሁለቱም ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ከሚባሉት አራቱ ባሕርያት ሥጋውን፣ ከዚያም ለባዊት (የምታስብ)፣ ነባቢት (የምትናገር) እና ሕያዊት (የማትሞት) ነፍስን ትቆጥራለች። ቁርኣን በሱረቱል ሒጅር 26 ላይ ስለ ደረቀ ሸክላና ስለ ጥቁር ጭቃ ይናገራል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አፈሩ ከምድር ሁሉ የተዘገነ እፍኝ ነበር፣ የሰው መልክ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር የሆነውም በዚያ ነው ይላል። ቡና ላይ የተቀመጡት ሁሉ የአንድ እፍኝ አፈር ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ሰፊው ልዩነት ዘመን ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር የሆነው ባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይቆጥራል፤ ለአዳም የተገባለት የ«አምስት ቀን ተኩል» ተስፋ፣ ቀኑ ሺህ ዓመት ሆኖ ሲቆጠር ነው። ለ2018 ዓ.ም. 5500 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ቁርኣን ግን ከአደም ወዲህ ያለውን ዘመን በቁጥር አይገልጽም። ስለዚህ «ሃይማኖት ሰው ከተፈጠረ 7 ሺህ ዓመት ነው ይላል» ብሎ ሁለቱን በጅምላ መናገር ጎረቤትን ያላለውን ማስባል ነው። ሐዋንም ቁርኣን በስም አይጠራትም፤ ስሟ የሚገኘው በሐዲስ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ በበኩሉ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት እንደገቡ ይተርካል፤ የወንድና የሴት ልጅ ክርስትና ቀንም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ «በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው» ከተባለ፣ ስድስቱን ቀን አስረዝሞ ከሳይንሱ ጋር ማስታረቅ አይቻልም?

መልስ፦ ስሌቱን እንሥራው። 6 ሲባዛ በሺህ 6 ሺህ ነው። ሱረቱል መዓሪጅ 4 ላይ ያለውን የ50 ሺህ ዓመት ቀን ብንወስድ 300 ሺህ ይሆናል። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን፣ ምድር ደግሞ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ናቸው፤ አይደርስም። የ2ኛ ጴጥሮስ 3፥8 ቃልም የተነገረው ተስፋው ዘገየ ላሉት፣ ስለ ጌታ ትዕግሥት ነው፤ የዘመን መቁጠሪያ ሆኖ አልተሰጠም። ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ በዘፍጥረት ዕፀዋት በ3ኛው፣ ፀሐይ በ4ኛው ቀን ናቸው፤ በሳይንሱ ፀሐይ ትቀድማለች። ቀኑን መለጠጥ ይህን ቅደም ተከተል አይነካውም።