አሽከሩ ንጉሠ ነገሥት የሆነበት ሠርግ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ አንድ ሽማግሌ ጨረቃ ላይ የደረሰ መስሎት የሰው ጓሮ ውስጥ ሲንጎማለል የሚያሳይ ኦፔራ አይቼ በሳቅ ሞትኩ። የሙዚቃ አቀናባሪው ሃይድን እ.ኤ.አ. በ1777 ለአንድ ልዑል ቤት የጻፈው ነው ይላል። ለአንድ ሰው ቤት ኦፔራ ይጻፋል እንዴ? ማን ሊያየው? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይጻፋል እንጂ! ያዩት «ኢል ሞንዶ ዴላ ሉና» ነው፣ «የጨረቃ ዓለም» እንደማለት። ቤት ሲባል ግን ሳሎን እንዳይመስልዎት። ልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ ዛሬ ሃንጋሪ ውስጥ ባለው ኤስተርሃዛ ቤተ መንግሥቱ ግቢ 400 ያህል ሰው የሚይዝ የኦፔራ ቤት ነበረው፣ የአሻንጉሊት ቲያትር ቤት ደግሞ ለብቻው። ተመልካቾቹ እንግዶቹና የቤቱ ሰዎች ናቸው። ቲኬት የሚባል ነገር የለም።

ሃይድን ደግሞ የቤቱ ተቀጣሪ ነው። በ1761 የፈረመው ውል የደንብ ልብስ ለብሶ እንዲቀርብ ያስገድደዋል፤ የጻፈውንም ሙዚቃ ያለ ልዑሉ ፈቃድ ለሌላ መስጠት አይችልም። ይህን ኦፔራ የጻፈው ለልዑሉ ሁለተኛ ልጅ ሠርግ ነው። ግጥሙ አዲስ አይደለም፣ ጣሊያናዊው ካርሎ ጎልዶኒ ከዓመታት በፊት ለሌላ አቀናባሪ የጻፈው ነው።

ታሪኩን ሳይጨርሱት ከሆነ ልንገርዎት። ቦናፌዴ ገንዘብ ያለው፣ ሁለት ሴት ልጆቹን ቤት ዘግቶ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ኤክሊቲኮ የሚባል አታላይ ኮከብ ቆጣሪ አንዷን ይፈልጋል። እናም ቴሌስኮፕ ይተክልና ከፊቱ አሻንጉሊት እያንቀሳቀሰ «ጨረቃን» ያሳየዋል። ሽማግሌው መጀመሪያ ያየው ምን መሰለዎት? አንዲት ቆንጆ ልጅ ሽማግሌ ስትደባብስ! ከዚያ በኋላማ ጨረቃ ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። የእንቅልፍ መድኃኒት ያጠጡታል፤ እሱ «ሄድኩ፣ በረርኩ» እያለ እየዘፈነ ሲያሸልብ ልጁና ገረዱ የሞተ መስሏቸው ያለቅሳሉ። ያኔ ኤክሊቲኮ የውሸት ኑዛዜ አውጥቶ ለእያንዳንዳቸው ምን እንደተተወላቸው ያነብላቸዋል፣ እንባውም ወዲያው ቀጥ! እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ቦታ ነው።

ሽማግሌው ሲነቃ የኤክሊቲኮ ጓሮ ውስጥ ነው፣ እሱ ግን ጨረቃ ላይ ነኝ ብሏል። የጨረቃው ንጉሠ ነገሥት ደግሞ ማን ሆኖ ይጠብቀዋል? ቼኮ የሚባል አሽከር። ንግሥቲቱ የገዛ ገረዱ ናት። ጌትዬው ለአሽከር እጅ ይነሳል፣ ልጆቹንም በ«ንጉሡ» ትእዛዝ ይድራል። መታለሉ ሲገባው ይቆጣል፣ በኋላ ግን ይቅር ይላል።

እንግዲህ አዳራሹን ያስቡት። ፊት ለፊት ልዑሉና ታላላቅ ሠርገኞች፣ መድረኩ ላይ አክሊል የደፋ አሽከር፣ ሙዚቃውን የሠራው ደግሞ የደንብ ልብስ የሚለብስ ሠራተኛ። ሃይድን ነገር ፈልጎ ነው አልልም፣ ጌታ በአሽከር መሞኘቱ የዘመኑ ኮሜዲ የዘወትር ቀልድ ነው። ግን እኔ ብሆን ያን ቀን መድረኩን ትቼ የልዑሉን ፊት ነበር የማየው።

የኦፔራ ቤቱ በኅዳር 1779 ምድጃ ፈንድቶ ተቃጠለ፣ እንደገና ተሠርቶም በ1781 ተከፈተ። ልዑሉ በ1790 ሲሞት ወራሹ የቤቱን የሙዚቃ ጓድ (ኦርኬስትራ) በተነው፣ ሃይድንም ለንደን ሄደ። የሠርጉ ሙዚቃ ግን ያን ቀን ብቻ ተሰምቶ አልቀረም። ሲመችዎ የሃይድንን 63ኛ ሲምፎኒ (በክፍል በክፍል ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሙዚቃ ነው) ይክፈቱ፤ የመጀመሪያው ክፍል የዚሁ ኦፔራ የመግቢያ ሙዚቃ ነው።