ሰዓት ከመቀነስዎ በፊት ደመወዝዎን ይጠብቁ

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሥራ 13 ዓመት ሠርቻለሁ። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት አለብኝ፤ ሲነሳብኝ ጣቶቼ አይታዘዙልኝም። ሐኪሜ ግማሽ ቀን ብቻ እንድሠራ መክሮኛል። አለቃዬም እሺ ብሎኛል፤ ግን ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) በግማሽ ደመወዝ አዲስ ውል እንድፈርም ወረቀት ሰጥቶኛል። ወደፊት ጭራሽ መሥራት ቢያቅተኝ ጡረታዬ ይነካል?

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። ጡረታዎ ይነካል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ገና አይፈርሙ።

ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በጤና ምክንያት መሥራት ያቃተው ሠራተኛ የጤና ጉድለት ጡረታ ያገኛል። እርስዎ ዓመቱን አሟልተዋል። ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። አበሉ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ደመወዝዎ 20,000 ብር ነው እንበል። ወደ 10,000 ወርዶ ሁለት ዓመት ሠርተው ቢወጡ፣ አማካዩ 13,333 ብር ይሆናል። ሦስት ዓመት ከሆነ ደግሞ 10,000 ብቻ። የ13 ዓመት ልፋትዎ በታመሙበት ጊዜ ደመወዝ ይለካል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከፈረመ በኋላ ነው፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሉን የማይነካውን መንገድ ይሞክሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለዎት። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። ፈቃዱን በአንዴ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ ሕመሙ የሚነሳባቸውን ቀናት እየለዩ በተለያየ ጊዜ መውሰድ ይችላሉ። በየጊዜው የሐኪም ማስረጃ ያቅርቡ፤ በቀሩ ማግስትም ለድርጅቱ ያሳውቁ።

ቀጥሎ፣ ደመወዝ የማይቀንስ ማመቻቸት ይጠይቁ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ሁኔታውን ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያስገድዳል። ጠዋት ጣቶችዎ ከደነዘዙ ዘግይቶ መግባት፣ አንዳንድ ቀን ከቤት መሥራት፣ የሚመች ኪቦርድ፣ ይሄ ሁሉ ይጠየቃል። ሐኪምዎ የበሽታውን ስም ብቻ ጽፎ እንዳይሰጥዎት። “ከሁለት ሰዓት በላይ በተከታታይ መጻፍ አትችልም” የሚል ወረቀት ከምርመራው ስም በላይ ይረዳዎታል። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም ያስመቱ።

ይሄ ሁሉ ተሞክሮ ሰዓት መቀነሱ የግድ ከሆነስ? ያኔም “አዲስ ውል” አይፈርሙ። ባለው ውል ላይ ጊዜያዊ ማሻሻያ ይሁን፤ ለምሳሌ ለ4 ወር። ምክንያቱ በሐኪም ትእዛዝ እንደሆነ ይጻፍ። ጊዜው ሲያልቅ ወደ ሙሉ ሰዓትና ሙሉ ደመወዝ እንደሚመለሱም በግልጽ ይስፈር። አለቃዎ በቃል ቃል ቢገባልዎትም አለቃ ይቀየራል።

አንድ ነገር አደራ የምልዎት፣ ሲመርዎት “በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ” ብለው እንዳይጽፉ። በፈቃድ መልቀቅና በጤና መሰናበት በጡረታ ሕግ አንድ አይደሉም። መሥራት ካቃተዎት መንገዱ የሕክምና ቦርድ፣ ማለትም የሐኪሞች ቡድን፣ የሚሰጠው ማስረጃ ነው።

ሐኪምዎን ሌላም ነገር ይጠይቁት፤ ሕመሙ ከሥራው የመጣ ነው ወይ? በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ከሆነ ክፍያው የተሻለ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ ስድስት ወር 50 በመቶ።

ይህን ሁሉ በመጠየቅዎ ቢያባርሩዎት፣ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው። ላልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ 6 ወር አለዎት። ኤችአር የሰጠዎትን ወረቀት፣ የመጀመሪያ ውልዎንና የመጨረሻ ሦስት ዓመት የደመወዝ ማስረጃዎን በአንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ ጠበቃም ሆነ የጡረታ ቢሮ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።