መልስ፦ «ተረጋጋ»፣ «ሰከነ» እና «ቻለ»

ሰላም እህቴ። ጭንቅ ሲመጣ ለማይደናገጥ ሰው «የተረጋጋ»፣ «የሰከነ» ወይስ «ቻይ» ልበል ላልሽው፣ ሦስቱ አይተካኩም። ጣና ላይ ድንገት ንፋስ ሲነሳ የደንገል ታንኳውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዙሮ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ የሚቀዝፈው ሰው ተረጋግቷል፤ የዚያች ሰዓት ሁኔታው ነው።

«የሰከነ» ግን ጠባይ ነው። የዘጌ ቡና ፈልቶ ከእሳት ሲወርድ «ትንሽ ይስከን» እንላለን አይደል? አተላው ወደ ታች እስኪወርድ ነው። ሰውም እንዲሁ ዕድሜና ልምድ ሲያጠራው «ሰከነ» ይባላል፤ ለዚህ ነው ለወጣት ሲባል ትልቅ ምስጋና የሚሆነው። እኔ ከሁሉም ይህን እወዳለሁ።

«ቻይ» ውስጡ በደል አለበት፤ እየከፋው የሚሸከም ሰው ነው። ለቀዛፊው አይሆንም። «ቀዝቃዛ»ንም ተይው፣ ስሜት የሌለው ያስመስላል።