የውሻ ሳህን መሬት ላይ ይቀመጥ ወይስ ከፍ ይበል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን ግቢያችንን የሚጠብቅ የአምስት ዓመት ጀርመን ሼፐርድ አለን። ለፋሲካ ከአዲስ አበባ የመጡት አጎታችን ውሻው መሬት ላይ ካለ ሳህን ሲበላ አይተው፣ «እንዲህ ያለ ትልቅ ውሻ አንገቱን ደፍቶ ከበላ አየር እየዋጠ ሆዱ ይነፋል፤ ከፍ ያለ ማስቀመጫ አሠሩለት» አሉን። አንድ አናጢ፣ ለምግብና ለውኃ የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት የጣውላ ማስቀመጫ ሊሠራልን ተስማምቷል። ቁመቱ ስንት ይሁን? ሳህኑስ ከምን የተሠራ ቢሆን ይሻላል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከቁመቱ በፊት መታየት ያለበት ማስቀመጫው ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ውሻዎ ጤነኛ ከሆነ አያስፈልገውም። የአጎትዎ ምክር ከሜዳ የተገኘ አይደለም፤ በውጭ አገር የውሻ አርቢዎች፣ ሐኪሞችም ሳይቀሩ፣ ለረጅም ጊዜ ሲሰጡት የኖረ ነው። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,600 በላይ የትልልቅና የግዙፍ ዝርያ ውሾችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ አጎትዎ በፈሩት የሆድ መነፋት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ የተገኘው ከፍ ካለ ሳህን የሚበሉት ውሾች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት ስላላገኙ፣ ከፍ ያለ ሳህን በሽታውን ያመጣል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ይከላከላል ብሎ ለጣውላና ለአናጢ ገንዘብ ማውጣት ግን ጭራሽ መሠረት የለውም።

በሽታው ተራ የሆድ መነፋት አይደለም። ጨጓራው በጋዝ ተወጥሮ በራሱ ላይ ሲጠመዘዝ መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፣ የደም ዝውውሩም ስለሚስተጓጎል ውሻው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ይበልጥ ይጠቃሉ። ውሻው ሆዱ ተወጥሮ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም የማይወጣው ከሆነና አንድ ቦታ መቀመጥ ካቃተው፣ በቤት መድኃኒት ጊዜ ሳያጠፉ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ከሳህኑ ከፍታ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው የአበላሉ ነገር ነው። በእኛ አካባቢ የግቢ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው በቀን አንዴ፣ ያውም ማታ ቤተሰቡ ራቱን ከጨረሰ በኋላ የተረፈው ሁሉ ተጠራርጎ ሲሰጠው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የዋለበት ረሃብ ደግሞ ሳያላምጥ እንዲውጥ ያደርገዋል። በጾም ወራት በእንጀራና በሽሮ የከረመ ውሻ በፋሲካ ማግስት የሚቀርብለትን ክምር ምግብ ሲያገኝማ የባሰ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ መብላትም ሆነ በጥድፊያ መብላት ለዚህ በሽታ ከሚያጋልጡት ነገሮች መካከል ስለሆኑ፣ ያንኑ ምግብ ለሁለት ከፍለው ጠዋትና ማታ ይስጡት። ከተቻኮለም ምግቡን ሰፋ ባለ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተው ያቅርቡለት፤ አለዚያ ሊውጠው የማይችል ትልቅ፣ ልሙጥና በደንብ የታጠበ ድንጋይ ሳህኑ መሐል ያስቀምጡለት። በድንጋዩ ዙሪያ እየዞረ ጥቂት ጥቂቱን መልቀም ስለሚኖርበት ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ለአናጢው ቀብድ ከከፈሉ ደግሞ እግሮቹን አስቀርተው፣ ሳህኑ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ዝቅ ያለ ክፈፍ ብቻ ያሠሩት። በክረምት ጭቃ እንዳይረጨው በረንዳ ላይ ማድረግ ይበቃል። ሳህኑ ከማይዝግ ብረት የተሠራና መቀመጫው ሰፊ ቢሆን እንመርጣለን። ፕላስቲክ በጥርስ ሲጫር ጭረቱ ውስጥ ቅባትና ቆሻሻ ይይዛል፤ አሮጌ ገበቴም ወጡን ስለሚመጥ አጥቦ ማጽዳት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። ውሻችን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የፊት እግሮቹን ግራና ቀኝ አንፈራጦ ትንሽ ከበላ በኋላ ይተኛና ሳህኑን በመዳፎቹ መሐል አድርጎ ይጨርሳል። ለእርሱም ከፍ ያለ ማስቀመጫ ጎጂ ነው?

መልስ፦ የእርስዎ ውሻ ጉዳይ ከላይኛው ይለያል። አንገቱን ወይም የፊት እግሮቹን መገጣጠሚያ የሚያመው ያረጀ ውሻ ጎንበስ ማለት ሲያቅተው ምግቡን ከፍ አድርጎ መስጠት ሊያሳርፈው ይችላል። መጀመሪያ ግን ሐኪም ይየው፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ከሆነ መድኃኒትም አለው፣ ለሰው የሚሰጥ ማስታገሻ ግን በፍጹም እንዳይሰጡት። ማስቀመጫ ለማሠራት አይቸኩሉ። ውሻው ቆሞ ሳለ ከመሬት እስከ ፊት እግሩ ክርን ያለውን ይለኩና የሳህኑ አፍ ከዚያ እንዳያልፍ አድርገው በማይወዛወዝ በርጩማ ላይ ለጥቂት ቀናት ይሞክሩት፤ ሳይተኛ ቆሞ ከጨረሰ ቁመቱ ተስማምቶታል ማለት ነው። ዝርያው ትልቅ ከሆነ ለመጀመሪያው ጠያቂ ስለ አበላል የሰጠነው ምክር ለእርሱም ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የበላው ምግብ ሆዱ ሳይታገል፣ ሳይፈጭ እንዳለ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ ከእግሩ ሳይሆን ከጉሮሮው ቧንቧ መስፋት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ውሻ ሳህን ከፍ ማድረግ ብቻውን አይረዳውም፤ ደረቱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲበላና ከበላም በኋላ እንደዚያው ለደቂቃዎች እንዲቆይ ይደረጋል፤ አኳኋኑን ሐኪሙ ያሳይዎታል።