ማትሮክስ እስከ ዛሬ በምን ይኖራል? ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ «ከቢሮ የወጣ አሮጌ ሰርቨር ገዝቼ ስከፍተው ግራፊክሱ ማትሮክስ ጂ200 ይላል። ይህ ድርጅት በቩዱ ዘመን አልሞተም እንዴ? ጌም የማያስጫውት ካርድ ማን ይገዛዋል? እኔስ ጎንደር ላይ ሱቅ ብከፍት ለጌመር ልሽጥ ወይስ ለቢሮ?» ብለሃል። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ የማውቀውን ልንገርህ። ግራፊክስ ካርድ ማለት ምስሉን ሠርቶ ወደ ሞኒተር የሚልከው የኮምፒውተር ክፍል ነው፤ ማትሮክስም የዚህ ካርድ አምራች ነው።

የሞተው ቩዱ የሚባለውን የጌም ካርድ የሠራው ስሪዲኤፍኤክስ ነው፤ በ2000 መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ንብረቱን ለተፎካካሪው ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተስማምቶ ከገበያ ወጣ። ማትሮክስ ግን አለ። በ1976 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ የተመሠረተ ነው። በ1999 ያወጣው ጂ400 በአንድ ካርድ ሁለት ሞኒተር አሠራ፤ በ2002 ፓርሄሊያ ሦስት አደረሰው። ፓርሄሊያ በጌም ፍጥነት ከኤንቪዲያው ጂፎርስ 4 አነሰ፣ ዋጋውም ርካሽ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የጌሙን ገበያ ተወው። አንተ ያየኸው ጂ200 የ1998 ሥራ ነው። ሰርቨሩን ከርቀት ለመቆጣጠር ማዘርቦርዱ ላይ በሚቀመጠው ቺፕ ውስጥ ስለከተቱት ለዓመታት በብዙ ሰርቨሮች ውስጥ ቆየ። ሰርቨር ስክሪን የሚፈልገው ሲጫንና ሲበላሽ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ይበቃል።

ገዢው ማን እንደሆነ የገባኝ በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ሕንፃ ጥበቃ ክፍል የካሜራ ሞኒተሮች እንድገጥም ታዘዝኩ፤ አራት ሞኒተር። ጉልበቱ ይበልጣል፣ ዋጋውም ይሻላል ብዬ ባለሁለት ፋን የጌም ካርድ ገጠምኩ። ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) መሬት ላይ ተቀምጦ ሌት ተቀን ይሠራል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ እየወረዱ ከተማው በሰው ተጥለቅልቆ ሳለ፣ «አራቱም ጠፉ» ብለው ደወሉልኝ። ሄጄ ስከፍተው አንደኛው ፋን ቆሟል፤ ሙቀት ማስወጫው ላይ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተጋግሯል። በብሩሽ ጠረግኩት፣ ካርዱ ግን አልተነሳም።

ከበዓሉ በኋላ ያንኑ ሞዴል ፈለግኩ። ጎንደር የለም፣ አዲስ አበባ አስፈለግኩ፣ የለም፤ አምራቹ ወደ አዲስ ሞዴል አልፏል። ሌላ ካርድ ገዛሁ፣ መሰኪያው ሌላ ሆነ፤ መቀየሪያ ኬብል ጨመርኩ። ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩን፣ ስጭን የሞኒተሮቹ ቅደም ተከተል ተዘበራረቀ። ጠባቂዎቹ ዓይናቸው «በር ማለት ግራው ነው» ብሎ ለምዷል። በሩ ላይ መኪና ጡሩምባ እየነፋ አንዱ ጠባቂ ግራውን ሞኒተር ትክ ብሎ ሲያይ አገኘሁት፤ የሚያየው መጋዘኑን ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ተመላለስኩ፤ ከሥራው ያገኘሁት ትርፍ በዚያው አለቀ።

ድርጅት ገንዘብ የሚከፍለው ይህ እንዳይደርስበት ነው። ማትሮክስ በ2023 ያወጣውን ሉማ የሚባል ካርድ ተመልከት። አንዱ ካርድ አራት ሞኒተር ይነዳል፤ ከሦስቱ ሞዴሎች አንዱ ፋን የለውም፤ ሞዴሉም ለሰባት ዓመት ይቀርባል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ለእኔ ትልቁ ነገር ሰባት ዓመቱ ነው። የመቆጣጠሪያ ክፍል የሚሠራ ሰው ዛሬ የፈተነውን ካርድ ከአምስት ዓመት በኋላም ያንኑ፣ በዚያው መሰኪያ ማግኘት ይፈልጋል። ለራጅ ማንበቢያ ሞኒተር የሚሠራው ባርኮም ካርዱን ከሞኒተሩ ጋር አጣጥሞ የሚሸጠው በተመሳሳይ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሐኪሙ ትናንት ያየው ጥላ ዛሬም ያው መሆን አለበት።

የሉማ ቺፕ ግን የኢንቴል ነው። ማትሮክስ በ2014 ወደ ኤኤምዲ ቺፕ ዞረ፣ ቆይቶ የኤንቪዲያንም ተጠቀመ። ቺፕ መንደፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ካርድ ካልተሸጠ ወጪውን አይመልስም። ስለዚህ ሞተሩን፣ ማለትም ቺፑን፣ ገዝቶ ቦርዱን፣ የሞኒተር ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩን፣ የአቅርቦት ዋስትናውንና «ስትደውል የሚያነሳ ሰው»ን ይሸጣል።

«ለቢሮ የሸጠ ሁሉ ይተርፋል» ብለህ እንዳትወስደው። ስሪዲላብስ የሚባለው ድርጅት በዋናነት ለኢንጂነሮችና ለዲዛይነሮች ካርድ ይሠራ ነበር፤ በ2006 ያንን ሥራ ተወው። ትልልቆቹ የቺፕ አምራቾች ኤንቪዲያና ኤቲአይ በጌም ብዛት ያረከሱትን ቺፕ ለባለሙያም ማቅረብ ሲጀምሩ ፍጥነቱን ሊቋቋም አልቻለም። ማትሮክስ የተረፈው ትልልቆቹ በብዛት ስለማይሸጥ ችላ ያሉትን ስለያዘ ነው። በሌላ ወገን ኢቪጂኤ የሚባለው ድርጅት ከኤንቪዲያ በገዛው ቺፕ ካርድ ሠርቶ ለጌመር እየሸጠ በ2022 ከግራፊክስ ካርድ ሥራ ወጣ፤ የአንዱ ካርድ ትርፍ ቀጭን ነበር።

ወደ ሱቅህ ስመጣ፣ ጌመሩን አትግፋው፤ ግን እሱ ቴሌግራም ላይ ዋጋ አነጻጽሮ መቶ ብር ወደሚቀንስለት ይሄዳል። ማራኪ ወይም አዘዞ ያለ ክሊኒክ፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ካመነህ የሚጠይቅህ «ሲበላሽ ትመጣለህ?» ብሎ ነው። ስትሄድ ሞኒተሩን ቁጠር፣ መሰኪያውን ጻፍ፣ ኬዙን ከመሬት አንሳው፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ምን እንደሚሆን ጠይቅ። ዋጋ ስትሰጥ ከመጀመሪያው ሁለት አንድ ዓይነት ካርድ አስገባ። ለዚያ ጥበቃ ክፍል በመጨረሻ ያደረግኩት እሱን ነው፤ ሁለተኛው ካርድ ካርቶኑ ሳይከፈት ከኬዙ በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ የሞኒተሮቹም ቅደም ተከተል በወረቀት ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።