ከቲቪው ጀርባ የገባው ገመድ ከየት ነው የመጣው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ያላት ያ ጀርባው ትልቅ የድሮ ቲቪ ነው። ጣሪያ ላይ ባለ አንቴና ኢቲቪን ብቻ ታያለች፣ ሌላም አትፈልግ። ሰሞኑን አንድ የዕቃ ነጋዴ «ዲጂታል ሲመጣ ይሄ ቆርቆሮ ነው፣ ፍላት ካልገዛችሁ አበቃ» ብሏት እንቅልፍ አጥታለች። እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ገበያ ነው። የአናሎግ (የድሮው ዓይነት ሥርጭት) ማሰራጫው ሲዘጋ የእናትህ ቲቪ ብቻውን ምንም አይዝም። ግን አልተበላሸም። መሃል ላይ ሴት ቶፕ ቦክስ የሚሉት ትንሽ ሳጥን ይገባል፦ የአንቴናው ገመድ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ቲቪው። በቃ። ከመግዛትህ በፊት ቲቪው ላይ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች መኖራቸውን እይ። ከሌሉ በአንቴና ገመድ ወደ ቲቪ የሚያወጣ ሳጥን ፈልግ። ለዚያ ነጋዴ ደግሞ የዲጂታል ሥርጭትን በአንቴና የማይቀበል ፍላትም እንዳለ ንገርልኝ። ውስጡ መቀበያው ከሌለው ፍላቱም ያንኑ ሳጥን ይፈልጋል።

እናትህ ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም። በደርግ ጊዜ፣ በኢሠፓ (በሠራተኞች ፓርቲው) ምሥረታ ሰሞን ባለ ቀለም ሥርጭት ሲጀመር ጥቁርና ነጭ ቲቪ የነበረው ሰው ምንም አልቀረበትም፣ ያንኑ ፕሮግራም ያለ ቀለም ማየቱን ቀጠለ። የአሁኑ እንደዚያ አይደለም። የድሮ ቲቪ ዲጂታሉን ጨርሶ አያውቀውም።

ለአናሎጉ መዝጊያ ቀን ተቆረጠ ሲባል ሰምታችሁም አትደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ የአፍሪካም የአውሮፓም አገሮች ተስማምተው ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2015) ይዘጋል ብለው ነበር፣ ቀኑ አለፈ፣ እኛን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገር አናሎግ ላይ ነበር። አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. ከፌብሯሪ 17 ቀን 2009 ወደ ጁን 12 ገፍታዋለች፤ ለሳጥን መግዣ ለየቤቱ እስከ 2 ድረስ የሚታደለው የ40 ዶላር ኩፖን ገንዘቡ አልቆ ሕዝቡ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ መዝጊያው በይፋ ሳይነገር እናትህን ለወጪ አትዳርግ።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ዲሽ ነው። ደግሞ ሊዞር ነው? (ከጀሞ)

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ዲሽ ያለው ሰው ዲጂታል ከገባ ቆይቷል፣ የሳተላይቱ ሥርጭት ድሮውንም ዲጂታል ነው። የሚዘጋው በጣሪያ አንቴና የሚያዘው የአናሎግ ሥርጭት ነው። ያኔ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ስንሄድ ያየነው ፍዳ የሳተላይት ለውጥ ነበር፣ ከ7 ዲግሪ ምዕራብ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። (እኔ ጣሪያ ላይ፣ ባለቤቴ ሳሎን፣ «አሁንስ?» «ጠፋ!» እየተባባልን ግማሽ ቀን አለቀ።) ምንም አትንኩ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ሳጥን ገዛሁ። አንቴናውን ሰክቼ ሰርች ሳደርግ አንድም ቻናል የለም። ሻጩ «አንቴናህ ነው» ይላል። ተበላሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ካርቶኑን አንብብ። «ዲቪቢ ቲ2» (DVB-T2፣ በአንቴና የሚያዘው ዲጂታል ዓይነት) ካላለ፣ አዎ፣ ተበልተሃል። «ኤስ2» የሚለው የዲሽ ሪሲቨር ነው፣ ገመዱም እንደ ብሎን እየዞረ ነው የሚገባው። 2 የሌለው ባዶ «ቲ» ደግሞ የቀድሞው ዓይነት ነው፤ እኛ አገር የተመረጠው ቲ2 ስለሆነ አይዝልህም።

ቲ2 ከሆነ ግን ሻጩ ልክ ሊሆን ይችላል። አናሎግ ሲግናሉ ቢደክምም ሹሹ እያለ፣ ምስሉ ነጠብጣብ እየሞላበት ያሳይሃል፣ ሰው በዚያ ኳስ ጨርሶ አይቷል። ዲጂታል እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ወይ ጥርት ይላል፣ ወይ ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጥና ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ የዛገ ገመድ ካለ ቀይር፣ አንቴናውን ወደ ማሰራጫው አቅጣጫ ቀስ እያልክ አዙር፣ ሳጥኑ ሜኑ ላይ ያለውን የሲግናል መስመር አንድ ሰው ይይልህ። ከፍ ሲል እሰረውና እንደገና ሰርች አድርግ። አሁንም እምቢ ካለ ሳጥኑን ዲጂታል በአንቴና የሚይዝ ጎረቤት ቤት ወስደህ ሞክረው። እዚያም ካልያዘ ዛሬውኑ ደረሰኝህን ይዘህ መርካቶ ውረድ።