የአንባቢያን ጥያቄ፦ የጋዜጣ ባለድርሻው ዲፕሎማት ጆን ቢግሎው

ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባወጣነው ጽሑፍ የኒው ዮርኩ የጋዜጣ ባለድርሻና የፓሪሱ ዲፕሎማት ጆን ቢግሎው ስሙ ተነሥቶ ነበር። ስለ እሱ ከደረሱን ጥያቄዎች የተመረጡት እነሆ። ዓመቶቹ፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ጋዜጠኛ ነው ወይስ ባለሀብት? ጋዜጣውስ እንዴት እጁ ገባ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ በትምህርቱ የሕግ ሰው ነው። በ1817 በኒው ዮርክ ግዛት በሐድሰን ወንዝ ዳር ተወልዶ በ1838 የጥብቅና ፈቃድ አወጣ። «ኢቭኒንግ ፖስት» የገባው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ያውም በደመወዝ ተቀጥሮ ሳይሆን ድርሻ ገዝቶ። ጋዜጣውን በ1801 ያቋቋመው አሌክሳንደር ሐሚልተን ሲሆን፣ ቢግሎው ሲገባ የሚመራው ገጣሚው ዊልያም ከለን ብራያንት ነበር። ባለድርሻ ወር ጠብቆ አይከፈለውም፤ ከወጪ ቀሪ ትርፍ ካለ ይካፈላል፣ ከሌለም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ቢግሎው በ1861 ሲወጣ ድርሻውን ለብራያንት አማች ለፓርክ ጎድዊን የሸጠው ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ስለነበር እንደከሰረ ማሰብ አይቻልም።

የጋዜጠኝነት ችሎታውን ማየት የሚፈልግ የ1850ውን የጃማይካ ጉዞውን ይመልከት። በዚያ ዘመን የባርነት ደጋፊዎች «ጥቁሮቹ ነጻ ሲወጡ ሥራ ጠሉ፣ ደሴቲቱም ደኸየች» ይሉ ነበር። ቢግሎው እዚያው ሄዶ አጣራና ጥፋቱን በመሬት ባለቤቶቹ ላይ አገኘው፤ አብዛኞቹ እንግሊዝ ተቀምጠው እርሻቸውን በወኪል የሚያሳርሱ፣ በዕዳ የተዘፈቁ ነበሩ።

ጥያቄ፦ በፈረንሳይ የአሜሪካ አምባሳደር ነበር ይባላል። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማዕረጉ ትክክል አይደለም። አሜሪካ እስከ 1893 ድረስ በአምባሳደር ማዕረግ የላከችው ሰው የለም። ቢግሎው በ1861 በሊንከን ተሹሞ ፓሪስ የገባው በጄኔራል ቆንስልነት ነው። የቆንስል ሥራ መርከብ፣ የዕቃ ሰነድ፣ ፓስፖርትና የተቸገረ መርከበኛ ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ ጋር የሚነጋገረው በሚኒስትር ማዕረግ (ከአምባሳደር ዝቅ ባለ የዲፕሎማት ማዕረግ) የተላከው ዊልያም ዴይተን ነበር። ዴይተን ፈረንሳይኛ ስለማይችል የፓሪስን ጋዜጦች ወደ ሰሜኑ ወገን፣ ማለት ወደ ሊንከን መንግሥት፣ የማሳብ ሥራ ቢግሎው ላይ ወደቀ። ዴይተን በታኅሣሥ 1864 በድንገት ሲሞት መጀመሪያ ጉዳይ ፈጻሚ፣ በ1865 ደግሞ ልዩ መልእክተኛና ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ሆነ። እስከ 1866 መጨረሻ ቆይቶም የፈረንሳይን ጦር ከሜክሲኮ የማስወጣቱን ድርድር ያዘ።

ጥያቄ፦ ለደቡቦቹ ይሠሩ የነበሩትን መርከቦች ያስቆመው እሱ ነው የሚባለውን አብራሩልን። (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን)

መልስ፦ በ1863 የደቡቦቹ (ተገንጥለው ከሊንከን መንግሥት ጋር ይዋጉ የነበሩት ግዛቶች) የባሕር ኃይል ወኪል ጄምስ ቡሎክ ከቦርዶው መርከብ ሠሪ ከሉሲየን አርማን ጋር ተዋዋለ። መጀመሪያ አራት ኮርቬት (ቀለል ያለ የጦር መርከብ) ታዘዘ፦ ሁለቱ ቦርዶ፣ ሁለቱ ናንት። ቆየት ብሎ ሁለት ብረት ለበስ መርከቦች ተጨመሩ። ፈረንሳይ ገለልተኛ ነኝ ስላለች የጦር መርከብ አስታጥቆ ማውጣት ክልክል ነው፤ ስለዚህ አርማን ኮርቬቶቹ ለቻይና ባሕርና ለፓስፊክ ንግድ ናቸው ብሎ አመለከተ። የባሕር ኃይል ሚኒስቴር በሰኔ 1863 በእያንዳንዳቸው ላይ ከ12 እስከ 14 መድፍ እንዲጫን ፈቀደ። ነጋዴ በዚያ ባሕር የባሕር ወንበዴ ስለሚፈራ ምክንያቱ የሚያሳምን ይመስላል።

የሰሜኖቹ ችግር ጥርጣሬ ማጣት አልነበረም። ሐሜት ይዞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሄደ «ማስረጃህ?» ተብሎ ይመለሳል። መድፍ መጫኑ ብቻውን አያስከስስም፤ የመጨረሻው ገዢ ማን እንደሆነ በጽሑፍ መያዝ ነበረበት። በመስከረም 1863 አንድ ፈረንሳዊ ቆንስላው ድረስ መጥቶ ወረቀቶቹ እጁ እንዳሉ ተናገረ፤ ዋጋውም 20 ሺህ ፍራንክ ነው አለ። ሰውየው በናንቱ ባለ ፋብሪካ በቮሩዝ ቤት የሚሠራ ጸሐፊ ነበር። ቢግሎው የተገኘውን ለዴይተን ሰጠ፣ ዴይተን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ድሩየን ደ ሉይስ አቀረበ። የመድፍ ፈቃዱ ተነሣ፤ በ1864 ደግሞ መርከቦቹ ለሌላ አገር እንዲሸጡ ታዘዘ። እንደኛ ግምት አሥር ዓመት ጋዜጣ ላይ መሥራቱ እዚህ ከሕግ ትምህርቱ ይበልጥ ረድቶታል፤ የሚታተመው በእጅ የያዙት ወረቀት ብቻ መሆኑን ያውቃል።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። አንዱ ብረት ለበስ ለዴንማርክ ተሸጦ ነበር፤ ዴንማርክ ከፕሩሲያ ጋር የነበራት ጦርነት ካበቃ በኋላ አልቀበልም ስትል በጥር 1865 በድብቅ ደቡቦቹ እጅ ገባ። «ስቶንዎል» ተባለ። ሐቫና ሲደርስ ግንቦት ሆኖ ነበር፣ ጦርነቱም አልቋል። ኋላ አሜሪካ ለጃፓን ሸጠችው።

ጥያቄ፦ የፍራንክሊንን የሕይወት ታሪክ «አገኘ» ሲባል ምን ማለት ነው? መጽሐፉ ጠፍቶ ነበር? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጽሐፉ፣ ማለት አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ራሱ የጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ አልጠፋም፤ የጠፋው በፍራንክሊን እጅ የተጻፈው ዋናው ነው። ፍራንክሊን ግልባጭ በፓሪስ አጠገብ በፓሲ ለሚኖረው ወዳጁ ለሌ ቬያር ልኮ ነበር። የልጅ ልጁ ዊልያም ቴምፕል ፍራንክሊን መጽሐፉን ለማተም ሲዘጋጅ ንጹሑ ግልባጭ ለአታሚ ይመቻል ብሎ ዋናውን ለሌ ቬያር ቤተሰብ ሰጥቶ ግልባጩን በምትኩ ወሰደ። ግልባጩ የመጨረሻዎቹን ገጾች አልያዘም፤ ስለዚህ የቴምፕል እትም ጎዶሎ ወጣ። ቢግሎው በ1867 መጀመሪያ ዋናውን ከሌ ቬያር ወራሾች በ25 ሺህ ፍራንክ ገዛ፣ ከታተመው ጋርም ቃል በቃል አስተያየ። ከ1,200 በላይ ለውጥ ተገኘ። የራሱን እትም በ1868 አወጣ። ዋናው ዛሬ በካሊፎርኒያ ሐንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ጥያቄ፦ በኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስሙ የሚነሣው ለምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከኒው ዮርክ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ስለነበር። ወዳጁ ሳሙኤል ቲልደን በ1886 ሲሞት ሀብቱን ለቤተ መጻሕፍት ተናዘዘ፤ ዘመዶች ተከራከሩ፣ ፍርድ ቤቱም ኑዛዜው በቂ ግልጽነት የለውም ብሎ አፈረሰው። ከስምምነት የተረፈው ገንዘብ በ1895 ከአስተርና ከሌኖክስ ቤተ መጻሕፍት ጋር ተቀላቀለ። የአምስተኛው ጎዳና ሕንፃ በግንቦት 1911 ተከፈተ፤ ቢግሎው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሞተ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ የጋዜጣ ባለቤት ወደ እኛ አገር መጥቶ ያውቃል? (አንባቢ፣ ከሐረር)

መልስ፦ አዎ፣ ሮበርት ስኪነር። በኦሃዮ ማሲሎን ከተማ የጋዜጣ ባለቤትና አዘጋጅ ነበር፤ ኋላ በማርሴይ ቆንስል ሆነ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1896 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የመጀመሪያውን የኢትዮጵያና የአሜሪካ የንግድ ውል ተፈራረመ። የጸደቀውን ውል በ1904 የያዘው ኬንት ሉሚስ ከመርከብ ጠፍቶ አስከሬኑ በእንግሊዝ ጠረፍ ሲገኝ፣ ሰነዱን ለንጉሠ ነገሥቱ ያደረሰው አብሮት ይጓዝ የነበረው በቴክሳስ በባርነት የተወለደው ነጋዴ ዊልያም ኤሊስ ነው።